መኪናው ተሸጠ፤ ስሙስ ተዛወረ?



በጎንደር ከተማ ከፒያሳ እስከ አዘዞ፣ ከአራዳ እስከ ማራኪ ድረስ መኪና ይሸጣል፤ ይገዛል። ባጃጅ ከዘመድ ወደ ዘመድ፣ ሚኒባስ ከጎረቤት ወደ ጎረቤት፣ አይሱዙ ከደባርቅ ነጋዴ ወደ ዳባት ነጋዴ ይተላለፋል። ዋጋው ይቆረጣል፣ ገንዘቡ ይቆጠራል፣ ቁልፉ ይሰጣል። «አላህ በረካ ያድርግልህ» ተባብለው ይለያያሉ። ከዚያ በኋላ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይቀራል። ሊብሬው ላይ የተጻፈው ስም የሻጩ እንደሆነ ይቀራል።

ሻጩ ገንዘቡን ስለተቀበለ ነገሩ ያለቀ ይመስለዋል። ገዢውም ቁልፉን ስለያዘ መኪናው የእርሱ የሆነ ይመስለዋል። ሁለቱም ተሳስተዋል። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ሳለ በወረቀት ላይ ባለቤት አልሆነም፤ ሻጩም ንብረቱ ከእጁ ወጥቶ ሳለ ኃላፊነቱ ከትከሻው አልወረደም። በዚህ ጽሑፍ ይህ ክፍተት ምን ያህል ቤተሰብ ላይ ሊደርስ እንደሚችል፣ እንዴትስ እንደሚዘጋ ኢንሻ አላህ አብረን እናያለን።

«ወንድማማቾች ሆነን ምን ወረቀት ያስፈልገናል?»

ውል ይጻፍ ሲባል ብዙዎቻችን ፊታችን ይጠቁራል። «አላመነኝም ማለት ነው» ብለን እንቀየማለን። በአንድ መስጂድ እየሰገዱ፣ በአንድ ሰፈር ልጅ እያሳደጉ ወረቀት መጠያየቅ ነውር ይመስለናል። እንዲህ የሚያስብ ሰው የሱረቱል በቀራህን 282ኛ አንቀጽ ደግሞ ቢያነበው መልካም ነው። በቁርኣን ውስጥ ካሉት አንቀጾች ሁሉ ረጅሙ የሚናገረው ስለ ውል ነው። ለተወሰነ ጊዜ ዕዳ የሚዋዋሉ ሰዎች እንዲጽፉት፣ ጸሐፊው በፍትሕ እንዲጽፍ፣ ባለዕዳው ራሱ ቃሉን እንዲሰጥ፣ ምስክር እንዲቆም፣ ገንዘቡ ትንሽም ይሁን ብዙ መጻፉ እንዳይሰለቻቸው ያዛል። እጅ በእጅ ለሚደረግ ንግድ ባለመጻፍ ኃጢአት እንደሌለ ቢገልጽም፣ በሽያጭ ጊዜ ምስክር ማቆምን ግን አልተወም። ልብ እንበል፤ ይህ ትእዛዝ የተነገረው ለሌቦች ወይም ለአጭበርባሪዎች አይደለም። የተነገረው ለአማኞች ነው።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። የሰው ልጅ ይረሳል፣ ይታመማል፣ ይሰደዳል፣ ይሞታል። ሁለቱ ወንድማማቾች ዛሬ ቢተማመኑም ልጆቻቸው የተባባሉትን አልሰሙም። ነገ በልጆቹ መካከል ጠብ እንዳይነሳ የሚያደርገው አባቶቹ የተዉላቸው ወረቀት ነው። ስለዚህ ውል መጻፍ ወንድማማችነትን የሚጠብቅ እንጂ የሚያፈርስ አይደለም።

የበቅሎ ዋስና የመኪና ሊብሬ

የጎንደር ሙስሊም ለንግድ እንግዳ አይደለም። በ17ኛው ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ዮሐንስ 1ኛ ዘመን፣ ሙስሊሞች ከክርስቲያኑ ተለይተው እንዲሰፍሩ ከተደነገገ በኋላ በቀሓ ወንዝ በኩል፣ ዛሬ አዲስ ዓለም በምንለው ሰፈር የተቀመጡት አባቶች ኑሯቸው በአብዛኛው ንግድና የእጅ ሙያ ነበር። በአንድ በኩል እስከ ምፅዋ፣ በሌላ በኩል በመተማ አድርገው እስከ ሱዳን ይነግዱ ነበር። ይህ ሁሉ የሚሠራው በስምና በእምነት ነው። ቢሆንም እምነቱ ባዶ አልነበረም፤ ዋስ ነበረው። በደጋው ገበያ በሬ ወይም በቅሎ የሚገዛ ሰው ሻጩን የሚያውቅ ዋስ ይጠይቃል። ዋሱ የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ይህ እንስሳ በእርግጥ የዚህ ሰው ነው ወይ? ነገ ባለቤት ነኝ የሚል ቢመጣ ማን ይጠየቃል?»

መኪናም ያው ጥያቄ አለበት። ልዩነቱ የመኪናው ዋስ ሊብሬው መሆኑ ነው። ሊብሬ፣ ቦሎ፣ ታርጋ የምንላቸው ቃላት ራሳቸው ከጣሊያንኛ የመጡ ናቸው። ጣሊያን እስከ ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ድረስ ጎንደርን የመጨረሻ ምሽጉ አድርጎ በቆየባቸው ዓመታት የፒያሳን ሕንፃዎችና ከደባርቅ ወደ ሰሜን የሚወርደውን የሊማሊሞን መንገድ ሠርቶ ሄደ። ቃላቱም ከመኪናው ጋር በየጋራዡ ቀሩ። ቃሉን ከወረስን ዘመናት አልፈዋል፤ ሊብሬው የሚሠራውን ሥራ ግን ብዙዎቻችን ገና አላወቅነውም።

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 1186 ላይ ተራ የሚንቀሳቀስ ዕቃ ሲሸጥ ባለቤትነቱ የሚተላለፈው ገዢው በእጁ ሲያደርገው መሆኑን ይናገራል። አልጋ፣ ምንጣፍ፣ በግ በዚህ ያልቃል። ነገር ግን ያው አንቀጽ ልዩ ለሆኑ ተንቀሳቃሽ ንብረቶች የወጡ ሕጎችን እንደተጠበቁ ይተዋቸዋል። ለመኪና እንዲህ ያለ ሕግ አለ። የተሽከርካሪ መለያ፣ መመርመሪያና መመዝገቢያ አዋጅ ቁጥር 681/2002 ማንኛውም ተሽከርካሪ እንዲመረመር፣ እንዲመዘገብ፣ ባለቤቱም በመዝገቡ እንዲታወቅ ያደርጋል። ስለዚህ መኪና እንደ በግ በእጅ መያዝ ብቻ አይበቃውም።

በሻጩ ላይ የሚመጣው

ነገሩን በምሳሌ እንየው። አንድ የደባርቅ ሰው አይሱዙውን ሸጠ እንበል። ገንዘቡን ተቀብሎ ሱቅ ከፈተበት። ስም ማዛወሩን «ሲመቸን እናደርገዋለን» ብለው ተዉት። ከስምንት ወር በኋላ መኪናው የሊማሊሞን ጠመዝማዛ ሲወርድ ፍሬን እምቢ አለውና ሰው ሞተ። የሟች ቤተሰብ ካሣ ሊጠይቅ ፍርድ ቤት ሲሄድ የማንን ስም ያገኛል? ሊብሬው ላይ ያለውን።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ እንደሆነ ይደነግጋል፤ መኪናውን የነዳው ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ። «እኔ አላጠፋሁም» ብሎ ማስረዳትም በዚህ ዓይነት ኃላፊነት ላይ አያድንም። ሻጩ «መኪናውን ከሸጥኩት ቆይቷል» ቢል «ማስረጃህን አቅርብ» ይባላል። ውሉ የተደረገው በቃል ከሆነ ወይም ወረቀቱ በትክክል ካልተጻፈ ሱቁ፣ ቤቱ፣ የልጆቹ እንጀራ ፍርድ ላይ ይቀመጣል። ካሣ ባይፈረድበት እንኳ ለዓመታት ከፍርድ ቤት ደጅ አይጠፋም። መኪናው ወንጀል ቢሠራበትም፣ የትራፊክ ቅጣት ቢከማችበትም፣ በቅድሚያ የሚፈለገው የሊብሬው ስም ነው።

በገዢው ላይ የሚመጣው

ገዢውስ? በአገራችን አንድ የተለመደ አቋራጭ አለ፤ በውክልና መግዛት ነው። ሻጩ መኪናውን «ሸጥኩ» ብሎ በመፈረም ፋንታ «ወክዬዋለሁ፤ ይሽጥ፣ ይለውጥ» ብሎ ይፈርማል። የስም ማዛወሪያው ክፍያ ይቀራል። ገዢው ደስ ይለዋል። ከዚያም ለሦስተኛ፣ ለአራተኛ ሰው በውክልና ላይ ውክልና ያሸጋግረዋል።

ይህ አቋራጭ ገደል አለበት። በሕጉ አንቀጽ 2232 መሠረት፣ በሌላ ሁኔታ ካልተስማሙ በቀር፣ ወካዩ ሲሞት ውክልናው ያበቃል። ወካዩ በሕይወት እያለም ሐሳቡን ቢለውጥ ውክልናውን መሻር ይችላል። ሻጩ ባለዕዳ ቢሆንና አበዳሪው ንብረቱን ቢያሳግድ በመዝገብ የሻጩ የሆነው ያ መኪና አብሮ ሊታገድ ይችላል። ሻጩ ቢሞት ወራሾቹ «የአባታችን መኪና» ብለው ይመጣሉ። እነርሱም ውሸታም ላይሆኑ ይችላሉ፤ ሊብሬው ላይ ያዩት የአባታቸውን ስም ነው። ገዢው ሙሉ ዋጋ ከፍሎ ከየቲም ጋር ፍርድ ቤት ይቆማል። ይህን ማን ይመኛል?

ዛሬ ይህ ጉዳይ ከድሮው ይበልጥ ከባድ ሆኗል። በኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪናዎች ላይ ከፍተኛ ታክስ ተጣለ። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መታገዱ ተነገረ። ስለዚህ ቀድሞ አገር ውስጥ የገባው መኪና ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ይኖራል። በየእጁ ስሙ ካልተዛወረ ችግሩም እየተደራረበ ይሄዳል።

ቀብድ ከመስጠት በፊት

መኪና ሲታይ ብዙው ሰው ሞተሩን ያዳምጣል፣ ጎማውን ይረግጣል፣ ቀለሙን ይዳስሳል። ይህ ጥሩ ነው፤ ወረቀቱም እንዲሁ መታየት አለበት።

መጀመሪያ ዋናውን ሊብሬ ይጠይቁ፤ ፎቶ ኮፒ አይብቃዎት። በሊብሬው ላይ ያለውን ስም ከሻጩ መታወቂያ ጋር ያስተያዩ። የሞተር ቁጥሩንና የሻንሲ ቁጥሩን ከመኪናው ላይ ራስዎ አንብበው ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ። ተፍቆ የተመታ ወይም የተበየደ ቁጥር ካዩ ዋጋው የቱንም ያህል ቢረክስ ይተዉት። ቦሎው የዓመቱ መሆኑን፣ የሦስተኛ ወገን መድኑም ያላለፈበት መሆኑን ይዩ። ይህ መድን በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ለማንኛውም ተሽከርካሪ ግዴታ ነው።

ቀጥሎ መኪናው ወደ ተመዘገበበት የመንገድ ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤት ሄደው ፋይሉን ያስጠይቁ። የፍርድ ቤት እግድ አለበት? በባንክ ብድር ተይዟል? ከወለድ ነፃ በሆነ የሙራበሓ አገልግሎት የተገዛ መኪናም ክፍያው እስኪያልቅ መያዣ ሆኖ ሊቆይ ስለሚችል «ብድር አይደለም፤ ሙራበሓ ነው» የሚለው መልስ ብቻውን አያሳርፍም። ሦስተኛው ጥያቄ የቀረጥ ነው። ከቀረጥ ነፃ የገባ መኪና ቀረጡ ሳይከፈል መብቱ ለሌለው ሰው አይተላለፍም። በዚህ ሳያውቁ የገቡ ሰዎች መኪናው ከዋጋው ጋር የሚቀራረብ ዕዳ ይዞ ይጠብቃቸዋል።

መኪናው የአዲስ አበባ ከሆነ ፋይሉ ያለው ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ነው። ሻጩም፣ ፋይሉም እዚያ ከሆኑ ጎንደር ተቀምጦ በስልክ መጨረስ አይቻልም። እዚያው ሄዶ ውሉን መፈራረም፣ ፋይሉም የሚዛወር ከሆነ ማዛወሩን ማስጀመር ይሻላል።

የቀብድን ነገርም እንወቅ። በሕጉ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተጻፈው ቀብድ መስጠት ውል መደረጉን ያስረዳል። ቀብድ የሰጠው ወገን ቢያፈርስ ቀብዱን ያጣል፤ የተቀበለው ቢያፈርስ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ስለዚህ ወረቀቱን ሳያዩ «እንዳያመልጠኝ» ብሎ ቀብድ መጣል ራስን ማሰር ነው። ቀብዱን ለደላላ አይስጡ፤ ለሻጩ ራሱ፣ በደረሰኝ ወይም በባንክ ይስጡ።

በውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

የሻጭና የገዢ ስም እስከ አያት፣ አድራሻቸውና የመታወቂያ ቁጥራቸው፤ የመኪናው ዓይነት፣ የተሠራበት ዘመን፣ ቀለም፣ የታርጋ፣ የሞተርና የሻንሲ ቁጥር፤ ዋጋው በአኃዝና በፊደል፤ ስንቱ እንደተከፈለ፣ ስንቱ እንደቀረ፣ ቀሪው መቼ እንደሚከፈል፤ የስም ማዛወሪያውን ወጪ ማን እንደሚችል፤ ሌላ ሰው «የእኔ ነው» ብሎ ቢመጣ ሻጩ እንደሚከላከልለት፤ ውሉን ያፈረሰ የሚከፍለው ገደብ። በመጨረሻም ቀኑና ሰዓቱ። ሰዓቱን ብዙ ሰው ይተወዋል። መኪና ግን ጠዋት ተረክቦ ከሰዓት በኋላ ሰው ሊገጭ ይችላል። «በዚህ ቀን፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተረከብኩ» የሚል አንድ መስመር ሻጩን ከብዙ መከራ ያድነዋል። ሕጉ በአንቀጽ 1727 እንደሚለው በጽሑፍ እንዲሆን የተባለ ውል በተዋዋዮቹ ይፈረማል፤ ሁለት ምስክሮችም ይቆሙበታል።

መኪናው ጉድለት ካለበት እርሱም ይጻፍ። ዘይት ይበላል? ካምቢዮው ያንጓጓል? ተጋጭቶ ተጠግኗል? ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በገበያ የእህል ክምር ውስጥ እጃቸውን አስገብተው ከሥር ርጥበት ባገኙ ጊዜ ነጋዴውን የገሠጹት ርጥቡን ሰው እንዲያየው ከላይ ባለማድረጉ ነበር። የመኪናን ነውር በአዲስ ቀለም መሸፈን ከዚያ በምን ይለያል? ጉድለቱን ተናግሮ የሸጠ ሰው ዋጋው ትንሽ ቢቀንስበትም በረካው ይቀርለታል፤ ነገም «ደበቅኸኝ» ብሎ የሚከሰው የለም።

በዱቤ ለሚገዙ ወጣቶች አንድ ቃል እንጨምር። ባጃጅ ወስዶ በየሳምንቱ ወይም በየወሩ እየከፈለ ባለቤት ለመሆን የተስማማ ወጣት የከፈለውን ሁሉ በደረሰኝ ይያዝ። ቁርኣን ጻፉ ያለው በተለይ ይህን ዓይነቱን ዕዳ ነው። ዓመት ሙሉ በቃል ከፍሎ በመጨረሻ «ኪራይ ነበር» ቢባል ምን ይመልሳል?

«ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው»

ክፍያ ለማሳነስ ሲባል በ900 ሺህ ብር የተሸጠን መኪና በ300 ሺህ ጻፉት የሚል ምክር ከደላላ አይጠፋም። አንደኛ፣ ይህ በምስክር ፊት ሐሰት መጻፍ ነው፤ ምስክሮቹንም በሐሰት ማስፈረም ነው። ሁለተኛ፣ ጽሕፈት ቤቱ የራሱ የዋጋ ግምት ስላለው ብዙ ጊዜ የታሰበውን ያህል እንኳ አያተርፍም። ሦስተኛው ደግሞ ገዢውን የሚጎዳ ነው። በአንቀጽ 2005 እና 2006 መሠረት የተጻፈ ሰነድ በፈረሙት ሰዎች መካከል ሙሉ ማስረጃ ነው፤ በምስክር ማፍረስ አይቻልም። ውሉ ቢፈርስና ገንዘቡ ይመለስ ቢባል ገዢው በእጁ ያለው የ300 ሺህ ወረቀት ነው። የቀረው 600 ሺህ በሻጩ ሕሊና ላይ ይንጠለጠላል።

የቤተሰብ ሐቅ

መኪና በአንድ ሰው ስም ቢመዘገብም በትዳር ውስጥ በጋራ ላብ የተገኘ ከሆነ የባልና የሚስት የጋራ ሀብት ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በ1992 ዓ.ም.፣ የአማራ ክልል የቤተሰብ ሕግም በአዋጅ ቁጥር 79/1995 ወጥተዋል። ውልና ማስረጃ ሲኬድ የትዳር ሁኔታ ማስረጃ የሚጠየቀው በዚህ ምክንያት ነው። ያገባ ከሆነ ባለቤቱ ቀርባ ትፈርማለች ወይም ትወክላለች፤ ያላገባ ከሆነ ያላገባ መሆኑን የሚያሳይ ወረቀት ያመጣል። «ሴት ልጅ ምን አገባት» ብሎ ማለፍ የእርሷን ሐቅ መብላት ነው፤ ሽያጩንም ለክስ ያጋልጠዋል።

ባለ ሊብሬው ሞቶ ከሆነ ደግሞ ልጆቹ ዝም ብለው መሸጥ አይችሉም። በመጀመሪያ የወራሽነት ማረጋገጫ ከፍርድ ቤት ይወጣል። ሙስሊም ወራሾች በሙሉ ከተስማሙ ጉዳዩን ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት መውሰድ ይችላሉ። የእናትና የእህቶች ድርሻ ተለይቶ ስሙ ወደ ወራሾች ሳይዛወር ታላቅ ወንድም ብቻውን የሸጠው መኪና ለገዢውም፣ ለሻጩም ሰላም አይሰጥም።

መጨረሻው የት ነው?

የክልላችን ሰው የሰነዶች ማረጋገጫውን ጽሕፈት ቤት «ውልና ማስረጃ» ይለዋል። በአዋጅ ቁጥር 922/2008 የሰነድ ማረጋገጥ ሥራ የሚመራበት ሥርዓት ተደንግጓል። ሻጭና ገዢ መታወቂያ፣ ሊብሬና የትዳር ማስረጃ ይዘው ይቀርባሉ፤ በሹሙ ፊት ይፈርማሉ። ክፍያውን በዚያው ቀን በባንክ ማስተላለፍ ጥሩ ነው፤ የባንኩ ወረቀት ሌላ ምስክር ይሆናልና።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ጨረስኩ ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። አልጨረሰም። የተረጋገጠውን ውል ይዞ ወደ መንገድ ትራንስፖርት መሄድ አለበት። መኪናው ይመረመራል፣ ተገቢው ክፍያ ይከፈላል፣ የመድን ወረቀት ይቀርባል፤ ሊብሬውም በገዢው ስም ይወጣል። መድኑም በአዲሱ ባለቤት ስም እንዲሆን ኢንሹራንስ ኩባንያው ይነገረዋል። ሻጩም ቢሆን የተረጋገጠውን ውል አንድ ቅጂ ይዞ ይቆይ፤ ስሙ መዛወሩንም ጠይቆ ያረጋግጥ። «የገዢው ጉዳይ ነው» ብሎ መተው የራስን ስም በሌላ ሰው መኪና ላይ ትቶ መሄድ ነው።

በየደጋው ላሉ ወገኖቻችን ይህ ቀላል እንዳልሆነ እናውቃለን። ደባርቅ ከጎንደር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጃናሞራና ከበየዳ ደግሞ ይብሳል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ እየተዘጋ የሰው ጉዞ ሲስተጓጎል ቆይቷል። እንዲህ ባለ ጊዜ ቢያንስ በምስክር የተፈረመ፣ ቀንና ሰዓት ያለው ውል በእጅ ይኑር፤ ከክፍያውም የተወሰነው ስሙ እስኪዛወር ይቆይ ተብሎ በውሉ ይጻፍ። መንገዱ ሲከፈት ቀሪውን መጨረስ ነው።

ውድ ወንድሞችና እህቶች፤ እጃችሁ ላይ ያለውን ሊብሬ ዛሬ አውጥታችሁ ተመልከቱት። የምትነዱት መኪና በማን ስም ነው? የሸጣችሁትስ? ሻጩም ገዢውም በሕይወት ሳሉ፣ ሁለቱም በሰላም ሲገናኙ፣ ነገሩ የሁለት ቀን ሥራ ነው። አንዱ ካለፈ በኋላ ግን የዓመታት ክርክር ይሆናል። አላህ (ሱ.ወ) ከሰው ሐቅ ይጠብቀን፤ ንግዳችንን የበረካ ያድርግልን። አሚን።